በፖስታ የሄደ እግር

ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ እግሬን ሊቆርጡብኝ እንደሆነ ደረስኩበት። ማንም አልነገረኝም። ራሴው ነኝ ከትልልቆቹ ወሬ እየቃረምኩ፣ አንዱን ከአንዱ እያገጣጠምኩ ያገኘሁት። ለአንድ ሰው ተናግሬ ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ እገላገል ነበር። ግን ፍርሃቴን ከአፌ ካወጣሁት ይበልጥ እውነት የሚሆን ይመስለኝ ስለነበር ጭጭ አልኩ። ዝምታዬ ያስከተለውን ነገር ያወቅሁት ደግሞ አምና ነው፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ።

አባቴ ጫማ ሰሪ ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው የሱ መሥሪያ፣ የኋለኛው የሦስታችን መኖሪያ። ከመንገድ ሲገባ በግራ በኩል ግድግዳውን ሙሉ መደርደሪያ ይዞታል፤ እዚያ ላይ ፎርማ የሚባሉት፣ ጫማ የሚወጠርባቸው የእንጨት እግሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። ደንበኛ ሲመጣ አባቴ በባዶ እግሩ ወረቀት ላይ ያቆመውና እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ ዙሪያውን ይስላል። ከዚያ ክር ያወጣና የእግሩን ውፍረት እየለካ ልኩ ላይ ይቋጥራል፤ አንድ ቋጠሮ ለጣቶቹ ሥር፣ አንድ ለመሃሉ፣ አንድ ለቁርጭምጭሚቱ። ለሰው ፊት ብዙም ግድ አልነበረውም። መንገድ ላይ ሰላም ያለውን ሰው ማንነት ለማወቅ መጀመሪያ ወደ መሬት ነው የሚያየው። የኔን እግር ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ "አንቺ ደግሞ የእናቴን እግር ሰርቀሽ ነው የመጣሽው" ይለኛል። ሁለተኛዋ ጣቴ ከአውራ ጣቴ ትረዝማለች። "አለቃዋን ቀድማ የምትሄድ ባለጌ" ብሎ ቆንጠጥ ያደርጋታል፤ እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ አባቴን ወሰደው። በሄደ በማግስቱ እናቴ በሱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ መዶሻውን ይዛ፣ ምስማሮቹን እንደሱ ከንፈሯ መሃል ደርድራ አየኋት። ጠግናና ለጥፋ ታሳድረን ነበር እንጂ አዲስ ጫማ አትሠራም፤ አዲስ የሚያሠራም ሰው አልነበረም። ፎርማዎቹ አቧራ ለበሱ። አባቴ እያለ መጫወቻዎቼ ነበሩ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ከላያቸው ሰው የጎደላቸው እግሮች ሆኑብኝ፤ በፊታቸው ሳልፍ እሮጣለሁ።

ደብዳቤ የሚያመጣልን ፖስተኛ እሱ ራሱ ከግንባር የተመለሰ ነው፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች እንጨት ነው። ገና ከመታጠፊያው ይሰማኛል። ጠፍ፣ ኳ። ጠፍ፣ ኳ። ሳቂታ ሰው ነበር። ዛሬ ሳስበው ልጅ ሲያይ የሚያደርገው ስለሚጠፋው ነው በእግሩ የሚቀልደው። እኔ ግን ቀልድና ቁም ነገር የምለይበት ዕድሜ ላይ አልነበርኩም።

"ደህና ዋልሽ የኔ እመቤት" ይለኛል ፖስታውን እያቀበለኝ። ዓይኑ ወደ እግሬ ይወርዳል። "ሁለት ሁለት ይዘሽ ምን ታደርጊበታለሽ? አንዷን ብታበድሪኝ ምን ይጎድልብሻል?"

"ለእማዬ እናገራለሁ።"

"ንገሪያት። ከሷ ጋር እንስማማለን።"

ከዚያ በኋላ እግሬ አውጪኝ ነው። እናቴ ጋ ስደርስ ፖስታው እጄ ላይ በላብ ርሷል። ፖስተኛው ከሄደ በኋላ ደግሞ ፎርማዎቹን እቆጥራቸዋለሁ፤ አንዱን ወስዶ እንደሆነ ብዬ።

ደብዳቤ በመጣ ቀን እናቴ የመንገዱን በር ትዘጋለች፣ እጇን በሳሙና ትታጠባለች፣ ከዚያ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። አጀማመሩ ሁሌም አንድ ነው። "ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።" ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለሚያንኮራፋው ጓደኛው ይመጣል። "ሥራዬን እየሠራሁ ነው" ይላል። እኔ ሥራ ሲል ጠመንጃ ነበር የሚታየኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ አባቴ እስከዚያ ድረስ አንድም ጥይት አልተኮሰም፤ ከግንባሩ ኋላ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የወታደር ቦት ጫማ ነበር የሚጠግነው። እናቴ ይህን የሚያወሱትን መስመሮች እየዘለለች ነው ያላወቅሁት። ለምን እንደዘለለቻቸው አሁን ገብቶኛል። "ጫማዎቹ ይመጣሉ፣ ባለቤቶቹ አይመጡም" ይላል አንዱ መስመር።

አራተኛው ደብዳቤ የመጣ ቀን እናቴ መሃል ላይ ቆመች። ዓይኗ ከወረቀቱ ተነሥቶ እግሬ ላይ አረፈና እዚያው ቆየ። ከዚያ ደብዳቤውን አጠፈችው።

"ሌላውስ?" አልኳት።

"ሌላው ለኔ ነው።"

በማግስቱ ከክሮቹ መሳቢያ ሥር አወጣሁት። ፊደል ከቆጠርኩ ገና ጥቂት ወራት ነው፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ አንዳንዱን እየገመትኩ አነበብኩ። "የልጄን እግር በወረቀት አድርገሽ ላኪልኝ። ሁለቱንም። አደራሽን ልኩ ትክክል ይሁን። ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪያት።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አትንገሪያት የሚባል ነገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መርፌ ሊወጉኝ የወሰዱኝ ቀንም ማንም ምንም አልነገረኝም ነበር።

በዚያው ሳምንት ነርሷ መጣች። ነርሷ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ ቁስለኛ የሚገባበት ሆስፒታል ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ እናቴ ጋ ጎራ ብላ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ያበጠ እግሯን ዘርግታ ሻይ ትጠጣለች። እኔ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በቁርጥራጭ ቆዳ የምጫወት መስዬ ጆሮዬን ጥያለሁ።

"ስንት ገባላችሁ ዛሬ?" አለች እናቴ።

"አትጠይቂኝ። አሥራ አንድ እግር ቆረጥን፣ በአንድ ቀን።"

"አሥራ አንድ?"

"ልጆች ናቸው እኮ። ሲተኙ ስታያቸው ልጆች ናቸው።"

"እንዲያው ምን ይሆኑ ይሆን?"

"ምትክ ይሰጣቸዋል ይባላል። የያንዳንዱን ልክ እየወሰድን እንልካለን። ልኩ ካልገጠመ ምን ዋጋ አለው፣ መልሶ ያቆስላቸዋል። እሱም ቢሆን እጥረት ነው። ለዚህ ሁሉ ሰው እግር ከየት ይምጣ?"

እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እሱም የጻፈልኝ ስለ እግር ነው። የልጅቷን በወረቀት ላኪ ብሎኛል።"

"ውይ፣ አንጀቴን በላው። እሷ ታውቃለች?"

"የት አውቃ። አደራ፣ እንዳትሰማ።"

ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ነገሩ በአንዴ ተገጣጠመልኝ። የተቆረጡት ልጆች ናቸው። ምትክ ይፈልጋሉ። ልክ ይላካል። እጥረት አለ። አባቴም የኔን ላኪ ብሏል፣ ሁለቱንም። አባቴ ጨክኖብኝ ነው ብዬ አልጠረጠርኩም፤ አስገድደውት ነው። ስለ እግር የሚያውቅ ሰው መሆኑን ደርሰውበት፣ ከራስህ ቤት ጀምር ብለውት ነው። እናቴ እሺ ማለቷ ግን ልቤን ሰበረው። እናቴ እሺ ካለች ሌላ የምሸሽበት ሰው የለኝም።

እሑድ ጠዋት ወረቀት ዘርግታ ጠራችኝ።

"እግርሽን አምጪ።"

"ለምን?"

"እንዲሁ" አለችና ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ አሁንም አየዋለሁ። ስጦታ የምትደብቅ ሴት ፈገግታ ነበር፣ ዛሬ ነው የገባኝ። ያን ቀን ግን መርፌውን ከጀርባዋ የያዘች ሴት ሆና ነው የታየችኝ። ወረቀቱ ላይ ቆምኩ፤ ጣቶቼ በራሳቸው ተጠቀለሉ።

"ዘርጊው፣ አትጠቅልይው" አለችኝ። እርሳሱ በተረከዜ ዞሮ፣ በጣቶቼ መሃል ገብቶ ወጣ። ወረቀቱን ከፖስታው ከተተችው፤ ደብዳቤዋን ስላልጨረሰች አላሸገችውም። ከሰዓት በኋላ የተጠገነ ጫማ ልታደርስ ወጣች።

ድንቢጥን የጠራኋት ያኔ ነው። ድንቢጥ ያልናት ትንሽ ስለሆነች፣ ስትሄድም ስለምትፈናጠር ነው። ጦርነቱ ካለበት አካባቢ ከአያቷ ጋር ሸሽተው መጥተው፣ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ሰዎች ለቀውላቸው ነበር። ይዘው የመጡት አንድ ብርድ ልብስና አንድ ድስት ነው። ድንቢጥ በዝናቡም በብርዱም በባዶ እግሯ ነበረች፤ እኔ የጫማ ሰሪ ልጅ ስለሆንኩ ስትለኝ የኖረችው አንድ ነገር ነው፣ ጫማሽን ልሞክረው።

"ነይ እግርሽን ልሳልሽ" አልኳት።

"ለምን?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። "አባቴ ጫማ ሊሠራልሽ ነው።"

"ለኔ?"

"ላንቺ።"

ለአፍታ አየችኝ። ከዚያ ወጥታ ሄደች። የገባት መሰለኝ። ስትመለስ እግሯ እስከ ጉልበቷ ርሶ ነበር፤ ለካ ልትታጠብ ነው የሄደችው። ወረቀቱ ላይ ወጥታ ጣቶቿን ዘርግታ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ስጨርስ እንኳ አልወርድም አለች። የኔን ወረቀት ቀድጄ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት፤ የሷን ፖስታው ውስጥ። እናቴ ማታ ሳታየው አሸገችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንዳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። የዳንኩ መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን እጥፍ ሆኖ መጣብኝ። ድንቢጥ በየቀኑ በሩ ላይ ብቅ ትልና፣ "መጣልኝ?" ትለኛለች። "መቼ ነው የሚመጣው?" እንደዚያ ባለችኝ ቁጥር ዳቦዬን ለሁለት እየገመስኩ ትልቁን እሰጣታለሁ። አያቷ፣ "እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት" ብላ ትመርቀኛለች፤ እኔ መሬቱ በዋጠኝ እላለሁ። የጭነት መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ሮጬ ድንቢጥን እፈልጋታለሁ፤ ሳገኛት መጀመሪያ የማየው እግሯን ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ መተኛት ጀመርኩ። እናቴ ስታወልቅልኝ እጮሃለሁ፤ "ይቺ ልጅ አባቷ ናፍቋት ነው" ትላለች ለነርሷ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ መኪናው በራችን ላይ ቆመ።

እኔና ድንቢጥ መሬቱ ላይ በከሰል አስምረን እየዘለልን ነበር። ጫማዬን አውልቄ የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ የዚያን ቀን ብቻ። ጢሙ ያደገ፣ አቧራ የለበሰ ወታደር ከመኪናው ዘለለና ወደ ግቢያችን ሮጦ ገባ። ፊታችንን አላየም። ወደ መሬት ነው ያየው። አራቱን እግሮች በየተራ አየ። እዚያ ላይ ነበር ማወቅ የነበረብኝ፤ በዓለም ላይ እንደዚያ አድርጎ የሚያይ ሰው አንድ ብቻ ነው። እኔ ግን ያወቅሁት ሌላ ነገር ነው። መጡ።

ከፊቴ ተንበርክኮ ቀኝ እግሬን በሁለት እጁ ያዘኝ። ያን ጊዜ ያወጣሁትን ጩኸት ጎረቤቱ ሁሉ ለዓመታት ሲያነሣው ኖሯል። በሌላው እግሬ አፉ ላይ መታሁት፤ ከንፈሩ ደማ፤ አልለቀቀኝም።

"የኔ አይደለም!" እላለሁ። "የላክነው የሷን ነው! የሷን ውሰዱ!"

በጣቴ ድንቢጥን እያሳየሁ ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ምን ቀረው፣ ያንን ጣቴን እስከ አሁን ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኛል።

እሱ አልሰማኝም፣ ወይም ሰምቶኛል፣ አላውቅም። በአውራ ጣቱ ሁለተኛዋን ጣቴን ነካት፣ መልሶ ነካት። ከዚያ ግንባሩን እግሬ ላይ ደፋ። "እሷው ናት" አለ። "በሕይወት አለች።"

እናቴ መዶሻዋን እንደያዘች ወጣች። ስሙን ጠርታ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች። አባቴ መሆኑን የነገረኝ ድምጿ ነው። ግን ማወቄ ፍርሃቴን አልቀነሰውም። እንዲያውም ባሰበት፤ ሊወስደኝ የተላከው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው።

ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገና ወደ ድንቢጥ ዞረ። ከኮቱ ውስጥ አንድ ጥቅል አወጣ። "ይሄ እግር ያንቺ ነው?" አላት፣ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግቶ እያሳያት።

"አዎ" አለች ድንቢጥ። "ታጥቤው ነበር።"

ጥቅሉን ፈታው። ጥንድ ጫማ ነው፤ ቡናማ፣ ቆዳው ከወታደር ቦት ጫማ የተቆረጠ፣ ስፌቱ እንደ ፊደል የተስተካከለ። ደፉ ላይ አስቀምጦ አጠለቀላት። ልክ ነበር፤ ከፊት ደግሞ የምታድግበት አንድ ጣት ያህል ቦታ ትቶላታል። ድንቢጥ ተነሥታ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘለለች። ምንም አልገረማትም። "ቆየብኝ" አለች ብቻ።

እኔም ፈዝዤ ቀረሁ። የዋሸሁት ውሸት ጫማ ሆኖ መጥቶ፣ ከፊቴ እየዘለለ ነው። ግን በስድስት ዓመት ጭንቅላቴ ነገሩን አዙሬ ከፍርሃቴ ጋር አስማማሁት፤ ለድንቢጥ ጫማ ከሰጧት፣ እግር የሚፈልጉት ከኔ ነው።

"ነይ፣ ያንቺን ራሴ ልለካ" አለኝ። እናቴ ከኋላዬ አቅፋ ያዘችኝ፤ ደርቄ ቀረሁ። ክሩን አውጥቶ በጣቶቼ ሥር አዞረና ቋጠረ፣ በመሃሉ አዞረና ቋጠረ፣ በቁርጭምጭሚቴ አዞረና ቋጠረ። ክሩን በደረት ኪሱ ከተተው። "ቀጥሎ ያንቺ ነው" አለኝ። አስቡት፣ ይህን ነው ያለኝ።

የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ። ሾፌሩ ቆዳ ሊጭን ከተማ የመጣ ነው፤ ከጠዋቱ ስም ጥሪ በፊት መመለስ አለባቸው። አባቴ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ከበሩ ላይ፣ "ደብዳቤዬ አልደረሰሽም?" ሲላት ሰማሁ።

"የትኛው?"

"ተይው። ሲመጣ አታንብቢው።"

ከጠረጴዛው ሥር ገብቼ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሊስመኝ ሲመጣ ፊቴን ሰጠሁት፤ የሚፈለገው ፊቴ ስላልሆነ። እግሬን ግን ከሥሬ አጥፌ ሸሽጌዋለሁ። ጢሙ ጉንጬን ወጋኝ። እንደ ድሮው የጫማ ማስቲሽ አልሸተተም፣ ነዳጅና ዝናብ ነው የሸተተው። አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እንደዚህ ነው።

ደብዳቤው እሱ በሄደ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። እናቴ አታንብቢው ያላትን አነበበችው፣ ጮክ ብላ ግን አይደለም። በርጩማው ላይ ሆና፣ ከንፈሯ መሃል የነበሩትን ምስማሮች አንድ በአንድ መዳፏ ላይ እየተፋች አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ትእዛዙ መጣ ብዬ ከቤት ወጥቼ ድንቢጥ ጋ ሄድኩ፤ እስኪመሽ አልተመለስኩም።

ከወር በኋላ ሌላ መጣ፣ አጭር። በዚያ ቀን እናቴ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ወደ እኔ መጣች። "የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እግርሽንም ስጪኝ" ከማለቷ እጇን ነከስኳት። አጥንት እስኪሰማኝ ነው የነከስኳት። አልመታችኝም። "እሺ፣ ነገ" አለች። ነገ አልጋ ሥር ነበርኩ። ከነገ ወዲያም እንደዚያው። በአምስተኛው ቀን ከመታጠፊያው ጠፍ፣ ኳ ሰማሁ። ፖስተኛው ከበሩ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። ደብዳቤ አልያዘም። እግሬንም አላየም፤ ፊቴን ነው ያየው። እናቴ መዶሻውን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ማንም እግሬን አልጠየቀኝም፤ እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ዳንኩ የሚል ነው።

አምና እናቴ ዓይኗ ደከመ። "የአባትሽን ደብዳቤዎች አንብቢልኝ" አለችኝ፤ የክር መሳቢያው ውስጥ ስድስት ሆነው ታስረው ነበር። ጮክ ብዬ በተራቸው አነበብኩላት፣ ድሮ የዘለለቻቸውን መስመሮች ጭምር። ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ሲል ሁለታችንም ፈገግ እንላለን። ከዚያ ሰላምታ የሌለው አንድ ደብዳቤ ላይ ደረስኩ።

"የላክሽልኝ እግር የልጄ አይደለም። ጫማ አድርጎ የማያውቅ እግር ነው፣ ሁለተኛ ጣቱም አጭር ነው። በሌላ ነገር ታታልይኝ ይሆናል፣ በእግር ግን እኔን? ልጄ ምን ሆናለች?"

እዚህ ላይ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

"ቀጥይ" አለች እናቴ። "እኔ በቃሌ ነው የማውቀው።"

"ሞታ ከሆነ፣ የሰው ልጅ እግር ልከሽ ልታጽናኚኝ አስበሽ ከሆነ፣ አትድከሚ፣ እውነቱን ጻፊልኝ። እስከዚያ ወረቀቱን ከፊቴ አስቀምጬ ጫማውን እየሠራሁ ነው። የማንም ልጅ ትሁን፣ ብርድ ነው። መልስሽ ከዘገየ ራሴ መጥቼ አያለሁ።"

የቀረውን እናቴ ነገረችኝ። ሾፌሩ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ መጥቶ አጫውቷት ነበር። በመልሱ መንገድ ላይ የመኪናው ጎማ ፈነዳ፤ ስም ሲጠራ አባቴ የለም። ያለ ፈቃድ ስለወጣ መዶሻና ወስፌውን ተቀብለው ጠመንጃ ሰጡት፣ ወደ ፊተኛው መስመር ላኩት። ጫማ ጠጋኝ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይተርፍ ነበር፤ ከድንኳኑ ሰዎች አንድም አልሞተም። ድንቢጥ ያንን ጫማ ሁለት ክረምት አደረገችው፤ ሲጠባት ለሌላ ልጅ አለፈ፣ ከዚያ ለሌላ። የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

የመጨረሻው ደብዳቤ አምስት መስመር ነው። "የሥራ መሣሪያዬን ተቀብለውኛል፣ ጫማዋ ይዘገያል በያት። ክሯ ከኔ ጋር ናት። አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ምን ነበር እንደዚያ ያስፈራት? እኔ ነኝ? ጢሜ ነው? ጠይቂና ጻፊልኝ። ትክክለኛውንም እግሯን በወረቀት አድርገሽ ላኪልኝ። ለጫማ አይደለም። ላየው ነው።"

እናቴ ግራ እጇን አነሣች። የጥርሴ ምልክት አውራ ጣቷ ሥር አሁንም አለ። "ልጠይቅሽ ነበር" አለች። "ነከስሽኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ መልሱን የምልክለት ሰው የለም ብዬ ተውኩት። ምን ነበር ያስፈራሽ?"

ነገርኳት። ከጠረጴዛው ሥር የሰማሁትን፣ አሥራ አንዱን እግር፣ ምትኩን፣ ፖስተኛውን፣ ድንቢጥን። ስጀምር፣ "አባትሽ? እግርሽን ሊቆርጥ?" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቁ ቆሞ እንባው ቀጠለ። እኔም፣ "እኔ ነኝ የገደልኩት" አልኩ። ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

"ተይ" አለች። "አንቺ ሰባት ዓመት አልሞላሽም ነበር። እንዳትሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። ጫማ ሊሠራልሽ ነው ብዬ አንድ ቃል ብነግርሽ ምን ነበረበት? ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።" "አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ያቺን አንዲት ቃል ሳስባት ኖሬያለሁ።"

እጇን ያዝኳት።

"ወረቀት አምጪ" አለችኝ ቆይታ። "እርሳስም። ጫማሽን አውልቂ።"

"እማዬ፣ ለማን ልትልኪው?"

"ላኪ ተብያለሁ፣ አልላክሁም። ነይ ቁሚ።"

ወረቀቱን መሬት ላይ ዘርግታ፣ በርጩማዋን አስጠግታ፣ እየተቃሰተች አጎነበሰች። በባዶ እግሬ ወጣሁበት። ዓይኗ ስለማያይላት በሌላው እጇ ጠርዙን እየዳበሰች ነው የምትስለው። ተረከዜን ዞረች። ጣቶቼ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ እንደዚያን ጊዜው ተጠቅልለው ነበር፣ እኔ ሳላዛቸው።

"ዘርጊው" አለች እናቴ። "አትጠቅልይው።"

ዘረጋሁት።